ክኒኗ የሌለችበት ታሪክ

እህቴ ከፋርማሲ ይዛው በመጣችው ከረጢት ውስጥ፣ ከክኒኑ ብልቃጥ ጋር ብዙ ጊዜ የታጠፈ አንድ ወረቀት ነበር። ሜሪላንድ ያለው ቤታችን ውስጥ እንግሊዝኛ ወረቀት ሲመጣ፣ የመብራት ሒሳብም ይሁን የኢሚግሬሽን ደብዳቤ፣ የማነበው እኔ ነኝ፤ የቤቱ ትልቅ ልጅ ስለሆንኩ። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች "ምን ይላል?" አለችኝ። መድኃኒቱ ኦላንዛፒን ይባላል ይላል። ለስኪዞፍሬኒያና ለባይፖላር ይሰጣል ይላል። ክብደት ሊጨምር ይችላል ይላል። እህቴን ሆስፒታል ያስገባት ሕመም፣ አኖሬክሲያ፣ ወረቀቱ ላይ አንድም ቦታ አልተጻፈም።

"ለእንቅልፍ ነው" አልኳት።

ውሸቴ ግማሽ እውነት ነበረው፤ እንቅልፍም ያመጣል። ግን እውነቱን ለመናገር፣ ወረቀቱን ሳነብ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ "እህቴ አብዳለች ማለት ነው?" የሚል ነበር። ክኒኑን ያዘዘላት ሐኪም ለምን የሳይኮሲስ መድኃኒት እንደመረጠላት ለሷም ለኛም አላስረዳም። ጻፈ፣ ፈረመ፣ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ የማነብ ሰው ነኝ። በዚያ ክረምት ስለ አኖሬክሲያ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ልቦለድ፣ የሕይወት ታሪክ፣ የሐኪም መጽሐፍ፣ ፊልምም አየሁ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እንደ እህቴ ያለች ልጅ ይህን ክኒን ስትውጥ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ አንድ ትዕይንት። አላገኘሁም። ለምን እንዳላገኘሁ ማሰብ የጀመርኩት ቆይቼ ነው፤ ይህም ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው።

ስለሷ እንድጽፍ እህቴ የፈቀደችልኝ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፦ "ኪሎ አትጻፊ። የኔንም፣ የማንንም።" እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ የሚያነብ በሽተኛ ቁጥሩን ከራሱ ጋር ያወዳድራል፤ ውድድር ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማወራላችሁ መጻሕፍት አንዳንዶቹ በቁጥር የታጨቁ ቢሆኑም አልጠቅስም። (ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በስሙ ልጀምር፤ ምክንያቱም ስሙ ራሱ ስህተት ነው። አኖሬክሲያ ግሪክኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ "የምግብ ፍላጎት ማጣት" ይሆናል። ለእማዬም ያስረዳኋት እንደዚያው ብዬ ነበር፤ እሷም "እንግዲያው ፍላጎት የሚከፍት ነገር እንስጣት" ብላ ሚጥሚጣውንም ሎሚውንም አቀረበች። ግን እህቴ ፍላጎት አልጠፋባትም ነበር። እንደሷ የምግብ ነገር የሚያስብ ሰው አይቼ አላውቅም። ሌሊት የምግብ አሠራር ቪዲዮ ታያለች፤ ለኛ ትሠራለች፤ እሷ አትቀምስም። ለንደን ውስጥ ዊልያም ገል፣ ፓሪስ ውስጥ ሻርል ላሴግ በ1873 ሕመሙን ለየብቻ ሲገልጹ ሁለቱም ያዩት ከውጭ ነበር፦ የማትበላ ልጅ። የማትበላ ስለሆነች አልራባትም አሉ። ስሙ ጸና፤ ስህተቱም አብሮ።

ከስሙ ስህተት የበለጠ የሚያስቸግረኝ ግን ሥነ ጽሑፍ በሕመሙ ላይ የሠራው ሥራ ነው።

የፍራንዝ ካፍካን "የረሃብ አርቲስት" የማያውቅ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ጥቂት ነው። በ1922 የታተመች አጭር ልቦለድ ናት። ሰውየው በፍርግርግ ቤት ውስጥ ተቀምጦ መራቡን ለሕዝብ ያሳያል፤ ጠባቂዎች ሌሊት ሰርቆ እንዳይበላ ያዩታል፤ እሱ ደግሞ አለመብላቱን ለማሳመን ይዘፍንላቸዋል። አስጎብኚው ከ40 ቀን በላይ እንዲራብ አይፈቅድለትም፤ ለነፍሱ አዝኖ አይደለም፣ ከ40 ቀን በኋላ ተመልካች ስለሚሰለች ነው። ዘመን ይለወጣል፣ ሰው ይረሳዋል፤ መጨረሻ ላይ በገለባ ውስጥ ሲያገኙት፣ የራበው የሚወደው ምግብ ስላላገኘ እንደሆነና ቢያገኝ ኖሮ እንደማንኛውም ሰው ጠግቦ ይበላ እንደነበር ይናዘዛል። ይሞታል። በቦታው ነብር ይገባል።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ታሪክ ስለ ኪነ ጥበብ ነው ብዬ ወረቀት ጽፌበት ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። አርቲስቱ ማኅበረሰቡ የማይረዳው ብቸኛ ሰው፣ ምናምን። እህቴ ሆስፒታል በገባች በሳምንቱ መልሼ ሳነበው ግን አንድ ነገር አስጠላኝ። ታሪኩ ሳይሆን የኔ ወረቀት። የሰውዬውን ረሃብ አንድም ቦታ ረሃብ ነው ብዬ አልጻፍኩም ነበር። ምሳሌ ነው፣ ተምሳሌት ነው፣ ተቃውሞ ነው፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ግን አይደለም። ካፍካ ራሱ ከዚያ የተሻለ ያውቅ ነበር። ያቺ ታሪክ የገባችበትን የመጨረሻ መጽሐፉን በ1924 ሲያርም የጉሮሮ ቲቢ ምግብ ከልክሎት ነበር፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ሞተ። ሰውዬው "የሚወደው ምግብ" ስለማግኘት የተናገረው ተራ ነገር፣ ያን ሁሉ ትርጉማችንን የሚያፈርስ ነው። ሁላችንም ረሃቡን ስናደንቅ እሱ አታድንቁኝ ይላል። ካፍካን በ1922 ስለ ክኒን አልጻፍክም ብዬ ልከሰው አልችልም፤ ከሱ በኋላ የመጣነው አንባቢዎች ግን አድናቆቱን ይዘን ኑዛዜውን ጥለነዋል።

ረሃብን ትርጉም የመስጠት ልማድ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። እህቴ መብላት ያቆመችው በዐቢይ ጾም ነው። 55 ቀን። በጾም ሰዓት የማይበላን ሰው ማን ይጠይቃል? ቤተ ክርስቲያን ያሉት እናቶች "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ" አሉ፤ እማዬም ደስ አላት። ፋሲካ ሲመጣ ዶሮ ወጡ ፊቷ ቀርቦ እጇን ስትሰበስብ ነው የደነገጥነው። ጾሙ አላሳመማትም፤ በዙሪያዋ ያሉ ስንትና ስንት ሴቶች ጾመው በልተዋል። ጾሙ ሸሸጋት እንጂ። በ2004 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ሳይካያትሪ የወጣ አንድ ጥናት ጋና ውስጥ ባሉ የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል፦ ራሳቸውን ያስራቡ ልጆች ምክንያታቸው ስብ መፍራት አልነበረም፤ ስለ ጾምና ራስን ስለመግዛት ነበር የሚያወሩት። ይህን ሳነብ "የፈረንጅ በሽታ" የሚለው የዘመዶቻችን ወሬ ለጊዜው አፉን ዘጋልኝ።

ወሬው ከባድ ነበር። እማዬ ያደገችው ደሴ ነው፤ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ልጅ ነበረች። አክስታችን በስልክ "እኛ አጥተን ነው፤ እሷ እያላት?" አለች። ለዚህ መልስ የለኝም፤ አሁንም የለኝም። በረሃብ ስሙ ከሚነሳ አገር የመጣ ቤተሰብ ውስጥ ሞልቶ እያለ አለመብላት ስድብ ነው። እህቴ ይህን ታውቅ ነበር፤ ማወቋ ግን አላበላትም።

ከዚህ በኋላ ወደ ሂልዳ ብሩክ መጽሐፍ ሄድኩ። ብሩክ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከጀርመን የሸሸች አይሁዳዊት ሐኪም ናት፤ አሜሪካ ሂዩስተን ውስጥ ለረጅም ጊዜ እነዚህን ልጆች አክማለች። በ1978 ያሳተመችው "ወርቃማው ፍርግርግ" የሚል መጽሐፍ ለብዙ ሰው ስለ አኖሬክሲያ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሆኗል። ርዕሱ የመጣው ራሷን በወርቅ ፍርግርግ ቤት ውስጥ እንዳለች ድንቢጥ ካየች አንዲት ታካሚ ነው። ቤተሰቡ ሁሉን ሰጥቷታል፤ እሷ ግን ከዚያ ሁሉ ጌጥ የማትመጥን ተራ ወፍ ነኝ ትላለች።

መጽሐፉ እስካሁን የሚነበብበት ምክንያት አለው። ብሩክ ታዳምጣለች። ከሷ በፊት የነበረው ሐኪም ሁሉ ልጅቷን ግትር፣ አታላይ፣ ወላጅ አስቸጋሪ ብሎ ሲመዘግብ እሷ "ይቺ ልጅ የራሷ የሆነ ነገር አላት ወይ?" ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ቤተሰቡን ሁሉ ስታስደስት ኖራ፣ የኔ የምትለው ነገር ሲጠፋ ሰውነቷ ላይ መንገሥ ትጀምራለች። ይህን ገጽ ሳነብ እህቴን አየኋት። ተርጓሚ፣ ታዛዥ፣ ሁልጊዜ ኤ የምታመጣ፣ "ይቺ ልጅ አታስቸግርም" የተባለች። አልቅሻለሁ።

ግን መጽሐፉ ውስጥ ገፋ ባልኩ ቁጥር እማዬ ወደ ተከሳሽ ወንበር እየቀረበች መጣች። ብሩክ እንደምትለው እናት ልጇን የምታበላው ልጁ ሲርበው ሳይሆን ለእናት በመሰላት ሰዓት ከሆነ፣ ልጁ የራሱን ረሃብ ለይቶ ማወቅ ሳይማር ያድጋል። በሐሳብ ደረጃ ያምራል። ጉርሻ ባለበት ቤት ግን ይህን አንብቡትማ! እኛ ስንጠግብም እንጎርሳለን፤ ሰው በጉርሻ ያሳድገናል እንጂ ጠባችንን አይጠይቀንም። በብሩክ መለኪያ መላው ኢትዮጵያ መታመም ነበረበት። የሚገርመው ደግሞ ለንደን ውስጥ በሞድስሊ ሆስፒታል በ1980ዎቹ የተጀመረው፣ ዛሬ ለታዳጊዎች የተሻለ ማስረጃ ያለው ሕክምና፣ እናትና አባትን ከተከሳሽ ወንበር አንስቶ ማዕድ ላይ ነው ያስቀመጣቸው። አብሉ፤ አትወቅሱ፤ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። እማዬ ይህን ማንም ሳያስተምራት ታደርገው ነበር።

ብሩክ አንድ ነገር ግን በትክክል አይታለች፦ በረሃብ ላይ ያለ ጭንቅላት ለንግግር ሕክምና አይመችም። ይህ ግምት አይደለም። በ1944 መጨረሻ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወንዶች፣ በእምነታቸው ምክንያት ጦር ሜዳ አንሄድም ያሉ ፈቃደኞች፣ ለስድስት ወር በግማሽ ረሃብ ተይዘው ተጠንተዋል። ቁንጅና ያልጨነቃቸው፣ የእናት ችግር ያልነበረባቸው ወንዶች ምን ሆኑ? የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማንበብ ጀመሩ። ሳህን ላሱ። አንድን ምግብ ለሰዓታት ሲጎትቱ ዋሉ። ከሰው ራቁ፣ ተናደዱ፣ ከምግብ ሌላ ማሰብ አቃታቸው። እህቴ ሌሊት የምታያቸው ቪዲዮዎች ትዝ አሉኝ። ያ ሁሉ የነፍስ ምስጢር ነው ብዬ ስተረጉመው የከረምኩት፣ ከፊሉ የተራበ አንጎል ሥራ ነበር።

የማርያ ሆርንባከርን "ዌስትድ" ለማንበብ ፈርቼ ነበር፤ ሲገባኝ ፍርሃቱ ትክክል ነበር። መጽሐፉ በ1998 ሲወጣ ጸሐፊዋ ገና የሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። ቋንቋዋ ይነድዳል፤ ራሷን ትሳለቃለች፤ በግርጌ ማስታወሻ ከምሁራን ጋር ትከራከራለች። ሞት አፋፍ ላይ የደረሰችው እዚሁ ከኛ ማዶ ዋሽንግተን ዲሲ ተማሪ ሳለች ነው። ሕመሙን እንዲህ ከውስጥ የጻፈ ሰው አላነበብኩም። ችግሩም እሱ ነው። ብዙ በሽተኞች መጽሐፉን እንደ መመሪያ ተጠቅመውበታል፤ ቁጥሩ ሁሉ አለ፣ ዘዴው ሁሉ አለ። ጸሐፊዋ ስለ ሕመሟ ማራኪነት ማስጠንቀቂያ እየሰጠች፣ ዓረፍተ ነገሮቿ ግን ያማልላሉ። እያስጠነቀቀ የሚያማልል ጽሑፍ ምን ይባላል? እህቴ መጽሐፉን ከመደርደሪያዬ ላይ ስታየው "እሱን ከዚህ አውጪው" አለችኝ። ቀድማኝ አንብባው ነበር፤ 17 ዓመቷ ሳለ።

ግን የሆርንባከር ታሪክ በዚያ መጽሐፍ አላበቃም፤ ተቺዎች ብዙም የማያነሡት ይህን ነው። መጽሐፉ ከተጻፈ በኋላ፣ በ24 ዓመቷ፣ ባይፖላር እንዳለባት ተነገራት። በ2008 "ማድነስ" ብላ ሌላ መጽሐፍ አወጣች። ስለዚህ ያ የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ያን ያህል እርግጠኛ ሆኖ ባህልን፣ ቤተሰብን፣ ሴትነትን፣ ራሷን ሲመረምር፣ አንድ ትልቅ ነገር ሳያውቅ ነው የተጻፈው። ዋሸች አላልኩም። የምታውቀውን ሁሉ ጻፈች። ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ መድኃኒት አለ፤ መድኃኒት ማቆም አለ፤ መልሶ መጀመር አለ። የማያምር፣ የሚደጋገም፣ ወደ ኋላ የሚመለስ ታሪክ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ እሳት ነው፣ ሁለተኛው የእሳት ማጥፊያ መዝገብ። ሰው የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው። እኔም ራሴ በአረፍተ ነገር ውበት ከሄድኩ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ለእህቴ የምሰጠው ግን ሁለተኛውን ነው፤ ይህ ልዩነት ደግሞ እንደ ሃያሲ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ፊልሙን በአጭሩ ልለፈው። ማርቲ ኖክሰን ጽፋ ያዘጋጀችው "ቱ ዘ ቦን" በ2017 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ፤ ታሪኩ ከራሷ ሕመም የመጣ ነው፤ ዋናዋ ተዋናይት ሊሊ ኮሊንስም ሕመሙን ታውቀዋለች። ኪያኑ ሪቭስ አሪፍ ዶክተር ሆኖ ይመጣል፤ ከተለመደው ወጣ ያለ፣ እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገር፣ ዓይኑ የሚያዝን። ኧረ ተዉኝ! እንደዚህ ዓይነት ዶክተር ቢኖር ኖሮ ለእማዬ አልዋሽም ነበር። የፊልሙን መታጠፊያ የሚሠራው ራእይ ነው፤ ልጅቷ በረሃ ላይ ወድቃ ራሷን ከውጭ ታያለች፣ ትነቃለች፣ ለመዳን ትወስናለች። የፈረንጅ ተቺዎችን ምቾት የነሣቸው ግን ሌላ ትዕይንት ነው፦ እናቷ እንደ ሕፃን አቅፋ በጡጦ ወተት ታጠጣታለች። እኔ ከፊልሙ ሁሉ ያመንኩት እሱን ነው። ትልቅን ሰው በእጅ ማብላት ለኛ ነውር አይደለም። እማዬ ከጎኗ ተቀምጣ አጥሚቱን በማንኪያ ስትሰጣት ማንም አላፈረም።

እንግዲህ ክኒኗ የት ናት?

ያገኘኋት ልቦለድ ውስጥም ፊልም ውስጥም አይደለም፤ አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ነው። በ2019 አሜሪካን ጆርናል ኦፍ ሳይካያትሪ ላይ በኤቭሊን አቲያ የሚመራ ቡድን ያወጣው ጽሑፍ ነው። 152 አዋቂ ተመላላሽ ታካሚዎች፣ አምስት የሕክምና ማዕከላት፣ 16 ሳምንት። ግማሾቹ ኦላንዛፒን፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበት አምሳያ ክኒን ወሰዱ። እንደ ሥነ ጽሑፍ ነው ያነበብኩት፤ ከሌላው ሁሉ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለነበረ። ውጤቱ? ኦላንዛፒን የወሰዱት ክብደታቸው ከሌሎቹ በትንሹ ፈጠን ብሎ ጨመረ። ልዩነቱ ለአማካይ ቁመት ሲሰላ በወር ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው። (ይህችን ቁጥር እህቴ ፈቅዳልኛለች፤ የማንም ሰው አይደለችም ብላ።) ከምግብና ከሰውነት ጋር የተያያዘው የሐሳብ እስራት ግን ከአምሳያው ክኒን ይበልጥ አልላላም። ብዙዎቹም እስከ መጨረሻው አልዘለቁም።

በቃ፣ ይኸው ነው። በወር ግማሽ ኪሎ፤ ሐሳቡ እዚያው። እስቲ ከዚህ ልቦለድ ሥሩ! መታጠፊያ የለው፣ ጠላት የለው፣ መገለጥ የለው። ክኒኗ ከታሪኮቹ የጠፋችው ጸሐፊዎች ስለናቋት ብቻ አይመስለኝም። የታሪክ ቅርጽ የላትም። እኛ የምናውቃቸው የመድኃኒት ታሪኮች ሁለት ናቸው፦ ሰውን የሚያድን ተአምርና ሰውን የሚያደነዝዝ ሰንሰለት። ትንሽ የሚረዳ፣ ምናልባት፣ ከሌላ ነገር ጋር፣ ለአንዳንድ ሰው፤ ይህ ሦስተኛው ቅርጽ ተራኪ አጥቷል።

ሰንሰለት የሚለው ታሪክ ባዶ ፍርሃት ነው እንዳልላችሁ ግን ታሪኩ ራሱ ይይዘኛል። ለንደን ውስጥ ፒተር ዳሊና ዊልያም ሳርጋንት በ1960 ለአኖሬክሲያ "አዲስ ሕክምና" ብለው ያወጁት ክሎርፕሮማዚንን ነበር፤ ከኢንሱሊን ጋር፣ ልጅቷን አልጋ ላይ አስተኝቶ። ክብደት ቶሎ ጨመረ። አንዳንዶቹ ላይ የሚጥል ሕመም ዓይነት መንቀጥቀጥ ታየ፤ ዓመታት ቆይቶ ሲታይም ከሌሎቹ የተሻለ ብዙ ነገር አልነበረም። ሳርጋንት በሽተኛን በመድኃኒት ለሳምንታት በማስተኛት ስሙ የሚነሣ ሰው ነው። ኦላንዛፒንም ንጹሕ ታሪክ የለውም። አሜሪካ ውስጥ በ1996 ለሳይኮሲስ ተፈቀደ፤ ከዚያ ክብደት ጨመረብን፣ ስኳር በሽታ ያዘን ያሉ በሺህ የሚቆጠሩ ታካሚዎች አምራቹን ኢላይ ሊሊን ከሰሱት። በ2009 ኩባንያው መድኃኒቱን ላልተፈቀደ ጥቅም፣ በተለይ የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን፣ በማሻሻጡ ጥፋተኝነቱን አምኖ 1.415 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ምጸቱን አያችሁት? ሺዎች የከሰሱበትን ጉዳት፣ የአኖሬክሲያ ሐኪሞች ተስፋ አደረጉበት። አኖሬክሲያ ያለባቸው ሰዎች ላይ ግን ክብደቱ እንደሌሎቹ አይጨምርም፤ ጎንዮሽ ጉዳት እንኳን እዚያ ሲደርስ ይሰስታል። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ለአኖሬክሲያ ተብሎ በይፋ የተፈቀደ አንድም መድኃኒት የለም፤ የእንግሊዝ የ2017 መመሪያም መድኃኒትን ብቻውን ሕክምና አድርጋችሁ አትስጡ ይላል። የእህቴ ወረቀት ላይ የሕመሟ ስም ያልነበረው ለዚህ ነበር። ይህን ለመንገር አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

አንድ የቀረኝ ነገር ድምፁ ነው። ስለ አኖሬክሲያ በተጻፉ የሕይወት ታሪኮች ውስጥ ድምፅ ደጋግሞ ይመጣል፤ አትብዪ የሚል፣ የሚሳደብ፣ አንዳንዶች ስም እስከማውጣት የደረሱለት። ሃያሲ ይህን ሲያነብ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው ብሎ ያልፋል። እማዬ ግን የክኒኑን እውነት ከሌላ ሰው ስትሰማ (ማን እንደነገራት አሁንም አላውቅም) እኔን አልተቆጣችም። እህቴን ነው በቀጥታ የጠየቀቻት፦ "የኔ ልጅ፣ ድምፅ ይሰማሻል?" በኛ ቤት ይህ ጥያቄ ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው። አዎ ካለች ወይ አማኑኤል ነው ወይ ጸበል ነው። እህቴ ብዙ ቆይታ "እንደ ሰው ድምፅ አይደለም እማዬ። የኔው ሐሳብ ነው፤ ግን አይሰማኝም፣ ብለው እምቢ ይለኛል" አለቻት።

ከዚህ የተሻለ መግለጫ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ውስጥ አላገኘሁም። ሐኪሞችም ቢሆኑ በዚህ ይከራከራሉ፤ እየከሳች ወፍራም ነኝ የምትል ሴት እምነቷ ከእውነት የተለየ ቅዠት ነው ወይስ ከመጠን በላይ የገዘፈ የራሷ ሐሳብ? ኦላንዛፒን የተሞከረው ከፊሉ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነበር፦ የሳይኮሲስ መድኃኒት ሐሳቡን ካላላው፣ ሐሳቡ ከሳይኮሲስ ወገን ነው ማለት ይሆናል። ጥናቱ ያንን አላሳየም። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ይህ ትንሽ ዜና አይደለም። ድምፁ ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ አይደለም፣ የጆሮ ቅዠትም አይደለም። ለዚያ መሐል ላለው ነገር ጸሐፊዎቻችን ገና ቃል አላወጡም፤ የ19 ዓመት ልጅ ናት ወጥ ቤት ውስጥ ለእናቷ ለመንገር የሞከረችው።

እህቴ ክኒኑን ለሰባት ወር ወሰደች። በ2.5 ሚሊግራም ጀመረች፤ ትንሽ ከፍ አለላት። ረዳሽ ወይ ስላት "ማታ ማታ፣ ጎረቤት ራዲዮኑን ዝቅ ያደረገ ነው የሚመስለው። አልዘጋውም" ትላለች። ክኒኑ ነው? እንቅልፉ ነው? የምግብ ባለሙያዋ ናት? ከምትወዳት ቴራፒስት ጋር ያሳለፈችው ሐሙስ ሐሙስ ነው? እማዬ ጎኗ ተቀምጣ አልነሣም ያለችበት ያ ሁሉ ማታ ነው? እኔ ልለየው አልችልም፤ እሷም አትለየውም። የያኔው ሐኪሟ ተቀይሮ፣ አዲሷ ቁጭ ብላ ሁሉን ካስረዳቻት በኋላ፣ ቀስ በቀስ አቆመች። አሁን ትምህርቷን ቀጥላለች። አንዳንድ ሳምንት ይከብዳታል።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ሰጥቻት አነበበችው። ስለ ካፍካ ያለውን "ረዘመ" አለች፤ ነብሩን ግን ወደደችው። ሁለት ነገር አረመችልኝ። እማዬ በማንኪያ የሰጠቻት ሽሮ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ አጥሚት ነው። ክኒኑንም ጠዋት ጠዋት እንደምትውጥ አድርጌ ጽፌው ነበር፤ ማታ ነው የምትውጠው፣ እማዬ ከተኛች በኋላ፣ በማጀቱ መብራት። አስተካክያለሁ።